የባፈና እንግዳ

ጌዴዎን እንግሊዝኛ የለመደው ከዝነኞች አፍ ነው። ደቡብ አፍሪካ፣ ቮስሎሩስ ውስጥ ከአክስቱ ልጅ ከሽጉጤ ጋር የሚሠራባት የሰፈር ሱቅ፣ በአገሬው አጠራር ስፓዛ፣ ደንበኛ ሲጠፋባት ስልኩን ከዳቦው መደርደሪያ ላይ ያስደግፍና ተዋናዮችና ኳስ ተጫዋቾች ቃለ መጠይቅ ሲደረግላቸው የሚያሳዩ አጫጭር ቪዲዮዎችን ይከፍታል። አንዲት ተዋናይ ስለ ጠዋቷ ስታወራ "ትራስ"፣ "ማንኪያ"፣ "አረፈድኩ" የሚሉትን ለቀመ። አንድ ቡጢኛ ስለ አፍንጫው ሲያወራ ደግሞ "አበጠ" እና "ሰበረኝ" የሚሉትን። ቃላቱን በሲጋራ ካርቶን ጀርባ ይጽፋቸዋል።

የሚያርመው ባፈና ነው። ባፈና ከመንገዱ ማዶ ስልክ የሚጠግን ጎረምሳ ሲሆን፣ ኮሮና ሥራውን ካቀዘቀዘበት ወዲህ ከሱቁ መስኮት አይጠፋም። በብረት ፍርግርጉ መካከል ሎሊፖፕ እንደ ማይክ ያሾልክና፣

"የዛሬው እንግዳችን ከኢትዮጵያ ድረስ መጥቷል! እስቲ ንገረን፣ ጠዋት ምን በላህ?" ይለዋል በእንግሊዝኛ።

መልስ የሚጀመረው ያቺ ተዋናይ እንደምታደርገው ነው፤ "ቱ ቢ ኦነስት ዊዝ ዩ"፣ እውነቱን ልንገርህ ለማለት። ባፈና ሳሙና ሲገዛ እንኳ ይህችን ሳይላት አያልፍም።

ሽጉጤ ጨዋታውን አይወደውም።

"አንተ ጋዜጠኛ፣" ይለዋል ጌዴዎንን፣ "ለዚህ መስኮት ዋጋና 'የስ' ይበቃል። ዘራፊ ሲመጣ መጀመሪያ የሚገድለው ቋንቋ የሚያውቀውን ነው። የማያውቅ ሰው ምን ብሎ ይመሰክርበታል?"

"እና ጋሼ፣ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ቋንቋ ሳታውቅ ኖርክ?"

"ኖርኩ። ልብ በል፣ ኖርኩ ነው ያልኩህ።"

ረብሻ ተነስቶ የገበያ አዳራሾቹ በተዘረፉበት በዚያ የሐምሌ ሳምንት ሁለቱ በሩን ከውስጥ ቆልፈው፣ የዘይት ጀሪካን ደግፈውበት ተቀመጡ። ውጭው ጭስ ጭስ ይሸታል። ቀትር ላይ የጣሪያው ቆርቆሮ ተቀደደና ሦስት ሰዎች ተከታትለው ወረዱ። ሁሉም እስከ ዓይናቸው ድረስ የኮሮና ማስክ አጥልቀዋል።

መሪያቸው ምንም ሳይናገር ጌዴዎንን በሽጉጡ እጀታ አፉ ላይ መታው። ጌዴዎን ሁለት ጥርሱ ምላሱ ላይ ሲንከባለል ተሰማው። ሽጉጤን ጎኑን በጫማ ደጋግመው ረገጡት። ከዚያ ሁለቱንም አንበርክከው እጃቸውን የለስላሳ ሳጥን ላይ እንዲዘረጉ አደረጉ።

መሪው የሰፈሩን ቋንቋ ዙሉን አይናገርም፤ ስለዚህ እርስ በርሳቸው የሚነጋገሩት በእንግሊዝኛ ነበር።

"ዕቃውን ጀርሚስተን እንወስደዋለን፤ ከጎማ ቤቱ ጀርባ ወዳለው መጋዘን፣" አለ መሪው። ወዲያው ቃሉን ገታና ወደ ጌዴዎን ዞረ። "ይሄኛው እንግሊዝኛ ይሰማል?"

ሦስተኛው ሰው ከዱቄት ጆንያው ቀና አለ።

"ቱ ቢ ኦነስት ዊዝ ዩ፣ አይሰማም። ዋጋ ብቻ ነው የሚያውቀው። ሁሉም እንደዚሁ ናቸው።"

ጌዴዎን ደሙን ዋጠ። ድምፁ የባፈና ነው። ከማስኩ በላይ ያሉት ዓይኖች ለአንድ አፍታ ከእሱ ዓይኖች ጋር ተጋጩና ወደ ጆንያው ተመለሱ።

መሪው አላመነም። የበሩን መቀርቀሪያ ብረት አንስቶ ጌዴዎን ፊት ቁጢጥ አለ። ድምፁን አለስልሶ፣ እንግዳውን እንደሚያጫውት ጋዜጠኛ፣ "ወንድሜ፣ አሁን የዚህን ሰውዬ እጅ እሰብራለሁ። ትፈቅድልኛለህ?" አለው።

ጌዴዎን እያንዳንዱን ቃል ያውቀዋል። ቢደነግጥ፣ ቢለምን፣ ዓይኑ ወደ ሽጉጤ እጅ ቢሸሽ፣ ሁለቱም እዚያው ይቀራሉ። በደም የተሞላ አፉን ከፍቶ ለደንበኛ ሁሉ የሚያሳየውን ፈገግታ ፈገግ አለ።

"የስ፣ የስ፣" አለ።

ብረቱ ወረደ። የሳጥኑ ፕላስቲክና አጥንቱ አብረው ተሰነጠቁ። መሪው ደገመው። ጌዴዎን የጮኸው ከዚያ በኋላ ነው፤ በእናቱ ቋንቋ፣ በሀዲይኛ።

"ድንጋይ ነው፣" ብሎ ሳቀ መሪው። ሱቁን አራቁተው በበሩ ወጡ።

ጎረቤታቸው የሆኑ አንዲት አሮጊት በልጃቸው መኪና ወደ ክሊኒክ አደረሷቸው። ሙቀት የሚለካበት ድንኳን ሥር ተራ ሲጠብቁ ጌዴዎን መቻል አቃተው።

"ጋሼ… ከመምታቱ በፊት ጠይቆኝ ነበር። እጁን ልስበረው ወይ ሲለኝ፣ የስ አልኩት።"

ሽጉጤ በፎጣ የተጠቀለለ እጁን ወደ ደረቱ አስጠጋ። ፎጣው ቀልቷል።

"ሰምቻለሁ፣" አለ።

"ምኑን?"

"ዘጠኝ ዓመት መስኮት ላይ ስቆም ጆሮዬ የተደፈነ መሰለህ? እሰብራለሁ ሲል ሰምቻለሁ።"

ያን ጊዜ ጌዴዎን አስታወሰ። ብረቱ ሽቅብ ሲነሳ የሽጉጤ እጅ ሳጥኑ ላይ እንደተዘረጋ ነበር። ጣቶቹ እንኳ አልተንቀሳቀሱም።

"ብሰበስበው ኖሮ ይጨርሰን ነበር፣" አለ ሽጉጤ። "ደግ አድርገሃል። ግን በጌታ ስም፣ ያንን ፈገግታ ሁለተኛ እንዳታሳየኝ።"

ሱቁ እንደገና በተከፈተ በማግስቱ ባፈና መስኮቱ ላይ ቆመ። ሎሊፖፕ አልያዘም።

"እንግዳዬ፣" አለ በቀጭን ድምፅ። "ታላቅህ ተሻለው?"

ጌዴዎን አየው። ይህ ሰው ዋሽቶ ነፍሱን አትርፎለታል። ዱቄቱን የተሸከመውም ይኸው ሰው ነው። ለምስጋናውም ለወቀሳውም የሚሆን ቃል ካርቶኑ ጀርባ ላይ ተጽፏል።

"ዳቦ? ወተት?" አለው።

"ጌዴዎን፣ ቱ ቢ…" ባፈና የራሱን ድምፅ የሰማ ይመስል አቋረጠ። ከውስጥ፣ በርጩማው ላይ፣ ሽጉጤ በጄሶ የታሰረ እጁን አቅፎ ቀና ብሎ አየው።

"ዳቦ ወይስ ወተት?" አለ ጌዴዎን፣ ሳይፈግግ።

"ዳቦ።"

በፍርግርጉ አሾለከለት። ባፈና በሁለት እጁ ተቀበለው።