ጋሽ መቀስ ያጠበቧቸው መስመሮች

ጋሽ መቀስ አርባ ዓመት ልብስ ሲሰፉ አንድ ነገር አጥብቀው ያምኑ ነበር፤ ልብስ ለሰው ይለካል እንጂ ሰው ለልብስ አይለካም። በዚህ እምነታቸው ስንቱን ቦርጫም ሙሽራ ሸንቃጣ አስመስለው ለወግ አብቅተዋል። በስተርጅና ጉድ ያፈላባቸውም ይኸው እምነት ነው።

ፓርኪንሰን የሚሉት በሽታ ከያዛቸው አራተኛ ዓመታቸው ነው። መጀመሪያ ቀኝ እጃቸው ተንቀጠቀጠና መርፌና ክር አላገናኝ አላቸው። ቀጥሎ እግራቸው በድንገት ይያዝ ጀመር። ልባቸው «ሂድ» ይላል፣ እግራቸው ጆሮ ዳባ ልበስ። ሚስታቸው ከሞተች ወዲህ ሱቅም መኖሪያም በሆነችው ቤታቸው ብቻቸውን ነው የሚኖሩት፤ አጠገባቸው የስፌት መኪናቸው ብቻ አለች። አንድያ ልጃቸው ነገሩን ቁርጥ አድርጋ ነግራቸዋለች።

«አባዬ፣ ሳንኳኳ ራስህ መጥተህ እስከከፈትክልኝ ድረስ እዚሁ ትኖራለህ። በራሴ ቁልፍ ከፍቼ የገባሁ ቀን ግን ሻንጣህን ይዘን ወደ እኔ ቤት ነው።»

«አራተኛ ፎቅ ላይ ሰቅለሽ ልታደርቂኝ?»

«ወድቄ ሦስት ቀን ሳይሰማ ከሚቀር ብደርቅ ይሻላል በል!»

 ጋሽ መቀስ የፎቁን ደረጃ ያውቁታል። አንዴ ከወጡት በእግራቸው እንደማይወርዱት፣ የስፌት መኪናዋም አብራቸው እንደማትወጣ ልባቸው ነግሯቸዋል። ፈርተዋል።

ረቡዕ ረቡዕ ጠዋት ከቤተ መጻሕፍቱ ጀርባ ባለው አዳራሽ እንደሳቸው የታመሙ ሰዎች ይሰበሰባሉ። አሥራ ሁለት ወንበር በክብ ይደረደራል። አሰልጣኟ ወጣት ናት፤ ጉልበቷ ለሁሉም ይተርፋል። ጓንት አጥልቀው ከረጢት ይደበድባሉ፣ ኳስ ይቀባበላሉ፣ ከዚያ ከአንድ እስከ ሃያ እየጮኹ ይቆጥራሉ። በሽታው ድምፅንም ቀስ እያለ ስለሚሰርቅ ነው። «በር ላይ ያለው ጥበቃ ይስማችሁ!» ትላለች አሰልጣኟ። ጋሽ መቀስ ይህቺኛዋን ይንቋታል። «እኔ ጨረታ አጫራች ነኝ እንዴ?» እያሉ ከንፈራቸውን ብቻ ያንቀሳቅሳሉ።

የወደዱት የመጨረሻውን ነው። አሰልጣኟ ወለሉ ላይ ቢጫ ፕላስተር በአግድም በአግድም ለጥፋለች። ባዶ ወለል ላይ የተያዘ እግር፣ ፊቱ መስመር ሲያይ ተነስቶ ይሻገራል። ለምን እንደሆነ ሐኪም ይወቀው። ጋሽ መቀስ የዚያኑ ዕለት ፕላስተር ገዝተው ከአልጋቸው እስከ መንገዱ በር ዘጠኝ መስመር ለጠፉ፤ በየሃምሳ ሳንቲ ሜትሩ፣ በሜትራቸው ለክተው። ልጃቸው ስታንኳኳ ሦስተኛው ኳኳታ ሳይሰማ ከፈቱላት።

አሰልጣኟ ይህን ስትሰማ ደስ አላት፤ ግን አስጠነቀቀቻቸው። «አባት፣ እግርዎ ወደ መስመሩ ይድረስ እንጂ መስመሩ ወደ እግርዎ አይምጣ። ካጠበቡት እርምጃዎም አብሮ ይጠባል።»

እሺ አሉ። እሺ ማለት ምን ያስከፍላል?

ሦስት ወር ሳይሞላ አንድ ጠዋት እግራቸው ከመስመሩ አልደርስ አለ። ጋሽ መቀስ ወለሉን እንደ ሰፊ ኮት አዩት። ኮት ከሰፋ ማጥበብ ነው፣ ምን ያስጨንቃል! በጉልበታቸው ተንበርክከው ፕላስተሩን ላጡና በአርባ አርባ ሳንቲ ሜትር መልሰው ለጠፉት። ልክክ አለ። ከሁለት ወር በኋላ ደግሞ ሠላሳ አደረጉት። እሱም ልክክ አለ፤ ለጥቂት ሳምንት።

በዚያ ሰሞን ከጎናቸው የሚቀመጠው ጡረተኛ ሹፌር ከአዳራሹ ቀረ። «ሞተሬ ደህና ነው፣ ፍሬኑ ነው የነከሰብኝ» እያለ ሁሉን የሚያስቅ ሰው ነበር። መታጠቢያ ቤት ወድቆ ልጁ ወደ ራሱ ቤት ወሰደው አሉ። አሰልጣኟ ወንበሩን አጣጥፋ ግድግዳ አስደገፈችው። በሳምንቱ የአንዲት ጡረተኛ መምህርት ወንበር ተከተለ። የቀሩት ወንበራቸውን ጠጋ ጠጋ አደረጉ፤ ክቡ ጠበበ። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ይባላል። ጋሽ መቀስ ወደዚያ ግድግዳ ላለማየት ፊታቸውን አዙረው መቀመጥ ጀመሩ።

ቤት ውስጥም የልጃቸው ኳኳታ ቁጥሩ ጨመረ። አምስት፣ ሰባት፣ አሥር። «መጣሁ» ይላሉ ከውስጥ፤ እሷም «አባዬ፣ አለህ?» ትላለች፣ ምንም እንዳልተባለች ሁሉ። ጆሮዋን በልባቸው ወቀሱ። ከዚያ ብልሃት አገኙ፤ ሁልጊዜ በዘጠኝ ሰዓት ስለምትመጣ፣ ከስምንት ተኩል ጀምረው በሩ ሥር በርጩማ ላይ ይቀመጣሉ። መስመሮቹንም ሃያ ሁለት ሳንቲ ሜትር ላይ አደረሷቸው። ዘጠኝ የነበሩት ሃያ ሆኑ።

በዚያው ሳምንት ረቡዕ አሰልጣኟ የየሰዉን እርምጃ በጠመኔ እያሰመረች ለካች። የጋሽ መቀስን ሁለት ጊዜ ለካችና ቀና ብላ አየቻቸው።

«ቤት ያለውን አጥብበውታል እንዴ?»

«ዓይኔን ግንባር ያድርገው!» አሉ ጋሽ መቀስ።

አሰልጣኟ ቁጥሩን መዝገቧ ላይ ጻፈች። ሲወጡም ስልክ ጆሮዋ ላይ ለጥፋ ወደ ኮሪደሩ ስትሄድ አዩዋት።

ያን ቀን በሩ የተንኳኳው በስምንት ሰዓት ነው። ጋሽ መቀስ ገና ለቀትር እረፍት ጋደም ካሉበት አልጋ መነሳታቸው ነበር። መስመር በመስመር አዘገሙ። አራት ኳኳታ፣ ስምንት ኳኳታ። አሥራ አራተኛው መስመር ላይ እግራቸው ተያዘ። «መጣሁ» አሉ። «አባዬ!» አለች ልጃቸው፤ ወዲያው ቁልፍ በሩ ውስጥ ሲዞር ሰሙ።

ገብታ እሳቸውን አላየችም። ወለሉን ነው ያየችው። ያደገችው በአባቷ መስፊያ ጠረጴዛ ሥር ነውና፣ የተተረተረ ስፌት ቦታው እንደማይጠፋ ታውቃለች። በርከክ ብላ የተላጠው ፕላስተር ሙጫ ላይ የቀረውን አቧራ በጣቷ ተከተለችው። የሃምሳው ምልክት እዚያ ነው። የአርባው እዚያው ጎኑ። የሠላሳውም።

«ማነው ያጠበበው፣ አባዬ?»

«ደንበኛው ቀጠነ» አሉ ጋሽ መቀስ፣ ለመሳቅ እየሞከሩ።

ልጃቸው አልሳቀችም። በጎናቸው አልፋ ወደ አልጋው ሄደች፤ የቁም ሳጥኑ በር ሲጥ አለ። ሻንጣውን አውርዳ ቆመች፤ እንባዋ ግን ቀደማት።

«ና ቀማኝ» አለች። «በእግርህ መጥተህ ከእጄ ከቀማኸኝ፣ ቃሌን አነሳለሁ። እጠብቅሃለሁ።»

ጋሽ መቀስ ለመዞር ብቻ ብዙ ቆዩ። ከዚያ ጀመሩ። አንድ መስመር፣ ሌላ መስመር። መስመሮቹ ከመቀራረባቸው የተነሳ እግራቸው እየተደናቀፈ ዘጠኙን አለፉ። አምስት ሲቀራቸው ቆሙ። አምስት ጊዜ ሃያ ሁለት፣ አንድ ሜትር ከአሥር ነው። ጨርቅ ቢሆን ሱሪ እንኳ አይወጣውም። ገፉት፣ ለመኑት፣ ሰደቡት፤ እግራቸው አልሰማም።

ልጃቸው እንባ ያዘለ ዓይኗን በእጅጌዋ ሸፍና ጠበቀች።

«እኔ ልምጣ፣ አባዬ?»

«አትምጪ!» ብለው ጮኹ ጋሽ መቀስ። በር ላይ ያለ ጥበቃ እንዲሰማ አድርገው ጮኹ። በራሳቸው ጆሮ ቤቱን አናወጠው። ከአፋቸው የወጣው ግን መርፌ በጨርቅ ሲያልፍ ያህል እንኳ ድምፅ አልነበረውም።

ልጃቸው ትንሽ ቆየች፣ መልስ ስትጠብቅ። ከዚያ ሻንጣውን እንደያዘች አምስቱን መስመር በሁለት እርምጃ ተሻግራ መጣች።