የሽኮኮዎቹ ጉዳይ በዱቡሻ

ኦቾሎ መንደር ውስጥ የተናገሩት ቃል ወዲያው ተቀባይ አያገኝም። መጀመሪያ ይገፋል። አንዱ ይነሣና ከፊት ይገፋዋል፣ ሌላው ከጎን፤ ሳይወድቅ ከቆመ ያን ጊዜ ሰው ይይዘዋል። ሸማኔው ዘካሪያስ በዚህ መግፋት የታወቀ ሰው ነው። ዱቡሻ በሚባለው የመንደሩ የጉባኤ አደባባይ እሱ ጉሮሮውን ሲጠርግ፣ ያልበሰለ ሐሳብ ያመጣ ሰው ከወዲሁ መቀመጫ ይፈልጋል እየተባለ ይቀለድበታል።

ዛሬ የሚገፋው ቃል ግን የገዛ ልጁ የልክነሽ ነበር።

ጉዳዩ ሽኮኮ ነው። መንደሩ የተሠራው ገደል አናት ላይ ስለሆነ ሰውና ሽኮኮ ጎረቤታሞች ናቸው፤ ሰው ከላይ በቤቱ፣ ሽኮኮ ከታች በዓለቱ ስንጥቅ። እዚህ ቦልቦ፣ ሌላው አገር ቁንጭር የሚለው ቁስል ልጆች ፊት ላይ ይወጣል፤ ወራት ቆይቶ፣ ሲሄድም ጠባሳውን ትቶ ይሄዳል። ልክነሽም ግራ ጉንጯ ላይ ጠባሳ አላት። ዘንድሮ ቁስሉ የዘካሪያስ የልጅ ልጅ ዕድላዊት አፍንጫ ላይ ወጣ። የጎረቤታቸው የካሱ ትንሹ ልጅም ታመመ።

የበሽታው ሥር ሽኮኮ ዘንድ መሆኑን ካሱ ከሰማ በኋላ አላረፈም። ጎረምሶች አስከትሎ ከቤቱ ሥር ያለውን ዋሻ በበርበሬ ጭስ አጠነው። ጢሱ ያስወጣቸውን በዱላ ጨረሷቸው። አሁን ደግሞ በገደሉ ዙሪያ ያሉትን ዋሻዎች በሙሉ ለማጠን የጉባኤውን ፈቃድ ጠየቀ። ዘካሪያስ የዕድላዊትን አፍንጫ ባየ ቁጥር ልቡ ስለሚቆስል፣ «በርበሬውን ከእኔ ቤት ውሰድ» ብሎት ነበር።

አርባ ምንጭ በላቦራቶሪ ባለሙያነት የምትሠራው ልክነሽ ይህን ስትሰማ ፈቃድ ወስዳ መጣች። የመጣችው በባዶ እጇ አልነበረም፤ አንድ እስር ነጭ ወረቀትና አንድ ጠርሙስ የጉሎ ዘይት ይዛለች። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ወረቀቶቹን ዘይት እየቀባች በየቤቱ ግድግዳና በየዋሻው አፍ ስትሰቅል ሰው ሥራውን ትቶ አያት።

«ምነው ልክነሽ፣ የሽኮኮዎቹን ሆድ ልታጥቢ ነው?» አለች አንዲት ጎረቤት።

«የአንቺንም ከፈለግሽ ዘይቱ ይተርፋል፣ እታለም።»

ቤት ስትገባ ዘካሪያስ ክር እያጠነጠነ ነበር። ቀና ሳይል፣ «ነገ ዱቡሻ ላይ ከእኔ በተቃራኒ ልትናገሪ ነው አሉ» አላት።

«አዎ አባዬ። ከፋህ?»

«ዱቡሻ ላይ አባት የለኝም ብለሽ ነይ። እኔም ልጅ የለኝም።»

ይህን ያለው በቁጣ አልነበረም። የሰውን ጠባይ ስለሚያውቅ ነው። እሱ ዝም ቢል፣ «ለልጁ አዳልቶ ነው» ይባላል፤ ቃሏም ከጉባኤው ሳይወጣ ይሞታል። ቢደግፋት ደግሞ ይብሳል። በዚያ ላይ እሱ ራሱ አላመነም። ዕድላዊት ምድጃው አጠገብ ተቀምጣ አፍንጫዋን ልትነካ ስትል እጇን ያዘና ወደ ጉልበቱ ሳባት።

በማግስቱ ሽማግሌዎቹ በድንጋይ መቀመጫቸው ላይ ተሰየሙ። አገሩ ተመረቀ፣ አባያ ሐይቅ ከሥር ቀይ ቡና መስሎ ተንጣልሏል። መጀመሪያ ካሱ ተነሣ።

«እኔ ብዙ አላወራም» አለ። «ሽኮኮ አለ፣ ቁስል አለ። ሽኮኮ ከሌለ ቁስል የለም። ልጆቻችንን ነው ወይስ አይጥ የምትመስል አውሬ የምንወደው? እህቴ ልክነሽ ከተማ ገብታ የሽኮኮ ጠበቃ ሆና መምጣቷን ሰምቻለሁ። ደንበኞቿ ቅጠል ይከፍሏት ይሆናል!»

አደባባዩ በሳቅ ተሞላ። ልክነሽም ሳቀችና መሐል ወጣች።

«ቁስሉን ወደ ልጆቻችን የምታመጣው ሽኮኮዋ አይደለችም» አለች። «ከትንኝ የምታንስ፣ ድምፅ የሌላት የአሸዋ ዝንብ ናት። ሽኮኮው በሽታውን ተሸክሞ ሳይታመም ይኖራል። ዝንቧ ሽኮኮውን ነክሳ በሽታውን ትወስዳለች፤ ሌላ ጊዜ ሰው ስትነክስ ሰው ይታመማል። የምትኖረው ዋሻ ውስጥ ነው። እጮቿ የሚያድጉትም የሽኮኮ ፋንድያ በወደቀበት እርጥብ አፈር ነው። ማታ ትወጣለች፤ ቅርብ ያገኘችውን ትነክሳለች። ቅርቧ ሽኮኮ ነበር።»

ከዚያ ከሁለት ቤት ግድግዳ ያወረደቻቸውን ሁለት ወረቀቶች ዘረጋች። ሁለቱም ቤቶች ከዋሻ ያላቸው ርቀት ተመሳሳይ ነው። ወረቀቶቹም በአንድ ምሽት ተሰቅለው በአንድ ጠዋት ነው የወረዱት። አንደኛው ከአባቷ ቤት የመጣ ነው፤ ከሥሩ ያለው ዋሻ አልታጠነም። ዘይቱ ላይ የተጣበቁት ዝንቦች እዚህና እዚያ እንደ ነጥብ ጣል ጣል ብለውበታል። ሁለተኛው ሰሊጥ የተበተነበት ይመስላል። ሽማግሌዎቹ እየተቀባበሉ ዓይናቸውን አጠበቡበት።

«ይሄኛው የማን ነው?» አለ ሰብሳቢው።

«የካሱ ቤት ነው።»

«ቤቴን ቆሻሻ ልትይ ነው?» ካሱ ከተቀመጠበት ብድግ አለ።

«ቤትህማ ከእኛ ይጸዳል። ሽኮኮዎቹን ገደልክባት፤ ዝንቧ ግን አልሞተችም። እራቷን ፍለጋ ወደ አንተ ወጣች።»

ያኔ ዘካሪያስ ጉሮሮውን ጠረገ። ሰዎች እርስ በርስ ተያዩ።

«ይህች ሴት» አለ፤ ስሟን አልጠራም፤ «አንድ ምሽት የሰቀለችውን ወረቀት አመጣችልን። ያ ምሽት ነፋስ ቢኖርበትስ? የካሱ ቤት ነፋስ ከሚመታው ወገን ቢሆንስ?»

«ትክክል ነው። አንድ ምሽት አይበቃም» አለች ልክነሽ። «ስለዚህ ጉባኤው ጊዜ ይስጠኝ እንጂ ዛሬ ይመነኝ አላልኩም።»

«ንስር ሽኮኮ ይበላል። በላቸው፣ በላቸው፣ እስከ ዛሬ አላለቁም። እኛ ብንረዳው ምን ጉዳት አለው?»

«ንስሩ የሚኖረው እነሱ ስላላለቁ ነው። የታጠነው ዋሻ ላይ ያድን የነበረው አሁን ዶሮ መውሰድ ጀምሯል ይላሉ ሴቶቹ።»

«ዶሮ ጭልፊትም ትወስዳለች» አለ ዘካሪያስ፤ ሳቅ ተሰማ። ልክነሽ ከንፈሯን ነከሰች። እሱ ግን አላቆመም፤ ሲያውጠነጥነው የቆየውን ዋናውን ጥያቄ አወጣ። «አንቺው እንዳልሽው የዝንቧ እጭ የሚያድገው በሽኮኮ ፋንድያ ነው። ሽኮኮው ካለቀ ፋንድያው ያልቃል፤ ፋንድያው ካለቀ ዝንቧ ታልቃለች። እንግዲያው ካሱ ልክ ነው። አይደለም?»

ካሱ በደስታ ጭኑን መታ።

«ሊሆን ይችላል» አለች ልክነሽ። «ከጊዜ በኋላ ልታልቅ ትችላለች። እስከዚያ ድረስ ግን የምትነክሰው እኛን ነው። ደግሞ የከብቶቻችን ፋንድያ በየግድግዳው ሥር ተከምሯል፤ እሱ ላይም ልትራባ ትችላለች።»

«እስከዚያ ስትዪ፣ እስከ መቼ?»

«አላውቅም።»

ከሽማግሌዎቹ አንዱ ምርኩዙን ወደ ሌላ እጁ አዛወረ። ዱቡሻ ላይ ሰው ይፎክራል፣ ይምላል፣ በምሳሌ ያመልጣል፤ «አላውቅም» ብሎ ግን ቀጥ ብሎ የሚቆም ብዙ አይታይም። ልክነሽ ቀጥ ብላ ቆማለች። «ማንም የለካው ያለ አይመስለኝም» ስትል ቀጠለች። «እኔ የማውቀው በዚህ መሐል የሚነከሱት ልጆች እነማን እንደሆኑ ነው። አንደኛዋ የወንድሜ ልጅ ናት። በማላውቀው ነገር እሷን መያዣ አላደርግም፤ እርስዎስ ያደርጋሉ?»

ዘካሪያስ የሚቀጥለውን ቃል ፈለገ። አጣው። በዚያ አደባባይ ቃል ሲያጣ የመጀመሪያው ነበር። ጋቢውን አስተካክሎ ተቀመጠ። «እኔ ጨርሻለሁ» አለ።

እሱ ሲጨርስ ሁሉም እየዞረ ካሱን አየ። ካሱ ከቤቱ የመጣውን ወረቀት ከሽማግሌው እጅ ተቀበለና ብዙ ጊዜ አገላበጠው።

«ልጄ የሚተኛው ይሄ ግድግዳ ሥር ነው» አለ፤ ድምፁ ወርዶ ነበር። «እሺ፤ ሽኮኮውን ተውኩት። ዝንቧንስ ምን ላድርጋት?»

«የግድግዳውን ስንጥቅ በጭቃ ምረግ። ፋንድያውን ከቤት አርቅ። ልጁ አጎበር ሥር ይተኛ፤ ሲመሽ ዋሻ አጠገብ አይጫወት። ሰኞ ደግሞ ከዕድላዊት ጋር ሆስፒታል እወስደዋለሁ።»

ጉባኤው ወሰነ። እስከ ክረምቱ ማብቂያ ዋሻ አይታጠንም፤ ቤት ሁሉ ይመረጋል፤ ወረቀቱም በየሳምንቱ ይሰቀላል። የሚሰቅለው ማን ይሁን ሲባል ካሱ፣ «እኔ» አለ። «ግን ዘይቱን እሷ ታምጣ። የእኔን ዘይት ሚስቴ ትቆጥረዋለች።»

ሰው ሲበተን አንድ አዛውንት ዘካሪያስን ክንዱን ይዘው፣ «በገዛ ልጅህ እንዲህ ትጨክናለህ?» አሉት።

«ኧረ ገና መች ገፋኋት» አለ።

በጠባቡ መንገድ ልክነሽ ከፊት፣ እሱ ከኋላ ሆነው ወረዱ። ሌሎቹ ሰዎች እስኪያልፏቸው ጠበቀና፣ «የንስሩ መልስሽ ደካማ ነበር» አላት።

«አውቃለሁ፤ ጭልፊቷን ረስቻት ነበር።»

«ለሚቀጥለው ጉባኤ አጠንክሪው። ያንን ነው መጀመሪያ የምገፋው።»

ልክነሽ ዞር ስትል አባቷ ፈገግታውን ለመደበቅ ጋቢውን እስከ አፍንጫው ስቦት አገኘችው።