አልቢና ለክሊቭላንድ የፈረደችበት ዓመት

አልቢና ዙፓን ሰፈሩ ውስጥ በሁለት ነገር ትታወቅ ነበር፦ ሰው ለማስደሰት ብላ በማትዋሽ አፏና በየዓመቱ ነሐሴ መጨረሻ ላይ በሰፈሩ ጋዜጣ በምታወጣው ትንበያ። ሰፈሩ ክሊቭላንድ ውስጥ፣ ኤሪ ሐይቅ ዳር ነው። እዚያ ሰው ከተወለደ ጀምሮ የከተማውን የአሜሪካን ፉትቦል ቡድን ይደግፋል፤ ቡድኑ ደግሞ የደጋፊውን አንጀት ማሳረር ይችልበታል። ምድቡ ውስጥ ያሉት አራት ናቸው፤ ክሊቭላንድ፣ ፒትስበርግ፣ ባልቲሞርና ሲንሲናቲ። አልቢና ውድድሩ ከመጀመሩ በፊት ከአራቱ የትኛው አንደኛ ሆኖ እንደሚጨርስ ትጽፋለች። መጻፍ ከጀመረች ወዲህ ግን አንድም ጊዜ ክሊቭላንድ ብላ አታውቅም።

ባለሥጋ ቤቱ ሌኒ ስትገባ ባየ ቁጥር ቢላዋውን ያስቀምጣል።

"መጣችላችሁ! ዘንድሮስ ለማን ሸጥሽን?"

"ለሲንሲናቲ።"

"ምን በድለንሽ ነው አንቺ ሴትዮ? እዚሁ ተወልደሽ፣ እዚሁ የኔን ቋሊማ በልተሽ አድገሽ!"

"ቋሊማህማ ምን ይወጣለታል። የማይረቡት ተከላካዮቻችን ናቸው።"

ሰልፍ የያዘው ሰው ይስቃል፤ የሚሰድባትም አይጠፋም። ጥር ላይ ውድድሩ ሲያልቅ ብዙውን ጊዜ እሷ ልክ ሆና ትገኛለች፤ ያኔ ደግሞ የባሰ ይናደዱባታል።

ታላቅ ወንድሟ ሩዲ የሷ ተቃራኒ ነበር። ዕድሜውን በሐይቁ ላይ ማዕድን በሚያመላልሱ መርከቦች ምግብ ሲያበስል ኖሮ፣ ሚስቱ ስትሞት ከእህቱ ቤት በላይ ያለውን ክፍል ያዘ። ሁሌም ጋዜጣው ከመውጣቱ በፊት ትንበያዋን ይጠይቃታል፤ ትነግረዋለች፤ ይጣላሉ።

"ዘንድሮ የኛ ነው" ይላል።

"ምን አይተህ?"

"ምን ማየት ያስፈልጋል? ነው አልኩሽ፣ ነው።"

ያን ዓመት ሰኔ ላይ ሩዲን ምግብ እንቢ አለው። ዓይኑ ቢጫ ሆነ፤ ሱሪው ከወገቡ ላይ አልቆም አለ። ሆስፒታል ሄዶ ተመረመረ። ውጤቱ የደረሰ ቀን ሐኪሟ ገና ወንበሯን ስታስጠጋ እጁን አነሳ።

"ዶክተር፣ እኔን ይለፉኝ። የምውጠውን ይስጡኝ፣ እውጣለሁ። ሌላውን ለእህቴ ይንገሯት፤ መተንበይ የሷ ሥራ ነው።"

ጃኬቱን አንስቶ ወጣ። ሐኪሟ ለአልቢና ነገረቻት፤ ከቆሽቱ የተነሳው ካንሰር ጉበቱን ይዞታል፣ ገናን አብረው ያሳልፋሉ ብላ አታስብም። አልቢና መኪናው ጋ ስትደርስ ሩዲ ሬዲዮኑን ከፍቶ ስለ ክሊቭላንድ አዲስ ኳስ ወርዋሪ የሚወራውን ያዳምጣል።

"አትንገሪኝ" አላት፣ በሩን እንኳ ሳትዘጋ።

"እሺ።"

ነሐሴ መጣ። አልቢና ጽሑፏን ባልቲሞር ብላ ጨርሳ ለአዘጋጇ ለግሌና ልካለች። አንድ ከሰዓት በኋላ በረንዳ ላይ ተቀምጠው ነበር፤ ሩዲ በዚያ ሙቀት ጉልበቱ ላይ ብርድ ልብስ ጣል አድርጓል።

"በይ እስቲ" አላት። "ማን ይወስደዋል?"

ባልቲሞር ልትል አፏን ከፈተች። ዓይኗ ከብርድ ልብሱ ሥር ወጣ ባሉት ቁርጭምጭሚቶቹ ላይ አረፈ። የሕፃን እግር አክለዋል።

"ክሊቭላንድ" አለች።

ሩዲ የያዘውን ብርጭቆ ቀስ ብሎ ወለሉ ላይ አስቀመጠ።

"ምን አልሽ?"

"የኛ ነው ዘንድሮ። አዲሱ ልጅ ክንድ አለው። ተከላካዮቹም ቢሆኑ..."

"አልቢ።"

"ፒትስበርግም አርጅቷል፣ እነሱ ከእንግዲህ..."

"አልቢ፣ ተይ።" ድምፁ ዝቅ አለ። "ያን ያህል ቅርብ ነው እንዴ?"

"ስለ ኳስ እኮ ነው የማወራው!"

"አንቺ እኔ ደስ እንዲለኝ ብለሽ አንድ ቃል ተናግረሽ አታውቂም። አትንገሪኝ ብዬሽ ነበር። ይኸው ነገርሽኝ።"

የበረንዳውን ደገፋ ይዞ ተነሳ። ልትደግፈው ስትል ክንዱን መነጨቃት። ደረጃውን ሲወጣ፣ ትንሽ ሄድ ብሎ ሲቆም፣ ደግሞ ሄድ ብሎ ሲቆም ከታች ሆና ሰማችው።

ምን እንደምታደርግ ጨነቃት። በጽሑፍም ካወጣሁት ያምነኝ ይሆናል ብላ ስልኩን አነሳች።

"ግሌና፣ ባልቲሞርን አውጪና ክሊቭላንድን አስገቢ።"

"ምን ነካሽ? ደህና አይደለሽም እንዴ?"

"አስገቢው ብቻ።"

ጋዜጣው የወጣ ዕለት ሰፈሩ የሠርግ ቤት መሰለ። የሚያውቋት ሁሉ በቤቷ በኩል ሲያልፉ ጥሩምባ ነፉላት። ሌኒ ገጹን ቆርጦ ሥጋ ቤቱ መስታወት ላይ ለጠፈና አንድ ጥቅል ቋሊማ ይዞ መጣ። በረንዳው ላይ ያገኘው ሩዲን ነው።

"ሩዲ! እህትህ በመጨረሻ ሰው ሆነች እኮ!"

"አዎ" አለ ሩዲ። "አንጀቷ ራራ።"

ቋሊማውን አመስግኖ ተቀበለ። መብላት እንደማይችል አልነገረውም። አልቢና ወጥ ቤቱ መስኮት አጠገብ ቆማ ሁሉንም ሰማች፤ ልቅሶዋ ውጭ እንዳይሰማ የቧንቧውን ውሃ ለቀቀችው።

በማግስቱ ሩዲ ወርዶ በሯን አንኳኳ። ካኮረፋት ወዲህ ሲያናግራት የመጀመሪያው ነበር።

"እውነተኛውን ስጪኝ።"

"ባልቲሞር።"

"የኔንስ?"

መዋሸት አቃታት። "ለገና አትደርስም አሉ" አለችው።

ራሱን ነቀነቀ። ከዚያ ሶፋው ላይ ተቀመጠ።

"ይሄ ይሻለኛል" አለ። "የማስመሰልሽ ነገር ነው ያስፈራኝ። በይ ቴሌቪዥኑን ክፈቺው።"

ከዚያ ወዲህ ጨዋታውን ሁሉ እሷ ጋ ሆነው አዩ። ማንም ያልጠበቀው ነገርም ሆነ፦ ክሊቭላንድ ማሸነፍ ጀመረ። ፒትስበርግን በሜዳው ረታ፤ ባልቲሞርን ረታ፤ ጥቅምት ላይ ምድቡን ይመራ ጀመር። ሩዲ ቀና አለ። አንድ እሁድ የድንች ሾርባውን ከግማሽ በላይ ጠጥቶ ሳህኑን ወደሷ ገፋ።

"ባልቲሞር ላይ ስተሻል።"

"ገና ነው፣ ብዙ ይቀራል።"

"ስተሻል! እና ልብ በይ፣ አንዱን ከሳትሽ ሁለተኛውንም ልትስቺ ትችያለሽ።"

እየሳቀ ነበር የተናገረው፤ ዓይኑ ግን አልሳቀም፤ መልስ እየጠበቀ ያያታል። አልቢና "እችላለሁ" አለች። ከዚያን ቀን ጀምሮ ስትተነብይ የኖረችው ሴት እንድትሳሳት መጸለይ ያዘች። ክሊቭላንድ ሲያገባ ከሶፋው ተነስታ ትጮሃለች፤ ባልቲሞር ሲያሸንፍ ደግሞ ራት አይበላላትም። ሩዲ በሚመጣው ጸደይ መርከቦቹ ወደብ ሲገቡ አብረው ሄደው እንደሚያዩ ማውራት ጀመረ። እሷም አብራው አወራች።

ኅዳር ላይ ቢጫው ተመልሶ መጣ። ደረጃ መውጣት ሲያቅተው ሳሎኗ ውስጥ አልጋ ዘረጋችለት። ከአሜሪካኖቹ የምስጋና በዓል በፊት ባለው እሁድ በረዶ ይጥላል፤ ክሊቭላንድ ከሲንሲናቲ እየተጫወተ ነው፤ ሩዲ ዓይኑን ጨፍኖ እጁን ለእህቱ ሰጥቷታል።

"እየመራን ነው?" አላት።

"እየመራን ነው።"

"እውነት?"

"እውነት፣ ሩዲ።"

እውነትም እየመሩ ነበር። ጨዋታው ሳያልቅ አረፈ። አልቢና እጁን ሳትለቅ ቆየች፤ ተጫዋቾቹ ሜዳው መሐል ሲተቃቀፉ አየች፤ ማን ስንት እንዳገባ ግን አላወቀችም።

ከቀብሩ በኋላ የአዲሱ ወርዋሪ ትከሻ ተጎዳ፤ ክሊቭላንድም መሸነፍ ጀመረ። ጥር ላይ የመጨረሻው ጨዋታ ሲያልቅ ምድቡን የወሰደው ባልቲሞር ሆነ። በማግስቱ አልቢና ሥጋ ቤት ገባች።

"ይቺውላችሁ!" አለ ሌኒ። "አንድ ጊዜ ብታምኝብን፣ ይዘሽን ገደል ገባሽ! ከዚህ በኋላ በናትሽ ባልቲሞር በይ፤ አንቺ የፈረድሽለት መቼም አይተርፍ!"

የተሰለፉት ሳቁ። አልቢና ለሥጋ ያወጣችውን ገንዘብ መልሳ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች። ሌኒ ፊቷን ሲያይ ሳቁ ጠፋ። ጓንቱን አውልቆ ከባንኮኒው ጀርባ ወጣ።

"አልቢና... አፌን ይቁረጠው። ምን ማለቴ መሰለሽ..."

"አውቃለሁ፣ ሌኒ" አለችው። "አውቃለሁ።"

ምንም ሳትገዛ ወጣች። ቤቷ ስትደርስ ኮቷን ሳታወልቅ ሩዲ ክፍል ድረስ ወጣች። ክፍሉ ሞቋል፤ እሱ ታች ከወረደ ጀምሮ ማሞቂያውን ያጠፋ ሰው የለም። ጠጋ ብላ ቁልፉን ወደታች አዞረችው። የብረቱ ሙቀት ከእጇ ሥር እየቀነሰ ሲሄድ ትንሽ ቆመች። ከዚያ መልሳ እንደነበረ አደረገችውና በሩን ዘግታ ወረደች።