የቀረው አንድ ሽል

ጠሂራ ከክሊኒኩ ወጥታ መርካቶ እስክትደርስ፣ ነገሩን ለባሏ እንዴት አድርጋ እንደምትነግረው ስታሰላስል መጣች። አውቶብስ ተራ ላይ የታክሲው ረዳት «እናት፣ ደርሰናል እኮ!» ብሎ ባይቀሰቅሳት ኖሮ ተመልሳ ወደ መጣችበት ትሄድ ነበር። እንቅልፍ አልነበረም፤ ድካም ነው። ሰውነቷ መርፌ ጠግቧል። ሆዷ ላይ ያልተወጋ ቦታ ማግኘት ቅዳሜ ቀን ሰባተኛ ሰፈር መኪና ማቆሚያ እንደ ማግኘት ሆኗል። መርካቶ የማይገኝ ነገር የለም ይባላል እንጂ ትዕግስት የሚሸጥበት ተራ እስካሁን አልተከፈተም።

ይህ ሁሉ የመጣው በአብራር ነው። ልጃቸው አብራር ጡንቻ የሚያዝል በሽታ ይዞት፣ አንገቱን ሳያቀና፣ ሁለት ዓመት ሳይሞላው አረፈ። በሽታው ከእናትም ከአባትም ነበር። ጠሂራና ጠይብ የወንድማማች ልጆች ናቸው። ወሎ፣ ወረባቦ ያሉት አባቶቻቸው «ዘመድ ከዘመዱ፣ አህያ ካመዱ» ብለው ሲያጋቧቸው ደማቸው ውስጥ ምን እንደተደበቀ ማን ያውቃል? ሁለቱም ጤነኞች ናቸው፤ ሁለቱም ግን የበሽታውን ዘር ተሸክመዋል። ከሁለቱም የወረሰ ልጅ ይታመማል። ከአንዳቸው ብቻ የወረሰ፣ እንደነሱ ጤነኛ ሆኖ ተሸካሚ ይሆናል።

እናም ሐኪሞቹ ዕንቁላሏን አውጥተው ከጠይብ ዘር ጋር አገናኙት። ከተገኙት ሽሎች ከእያንዳንዳቸው ትንሽ ቆንጥረው ለምርመራ ውጭ አገር ላኩ። ሽሎቹ በበረዶ ተቀምጠው ሲጠብቁ፣ እሷ ደግሞ ሸማ ተራ ሱቋ ውስጥ ተቀምጣ ስትጠብቅ ከረመች። ውጤቱ ዛሬ መጣ።

«ሦስቱ በሽታው አለባቸው» አለቻት ዶክተሯ፣ ወንበሯን ሳብ አድርጋ። «አንዱ ግን ተሸካሚ ነው፣ ልክ እንደ እርስዎና እንደ ባለቤትዎ። አይታመምም። ከተስማማችሁ እሱን እናስገባለን፤ ሁለታችሁም መጥታችሁ ትፈርማላችሁ።» ከዚያ ድምጿን ዝቅ አደረገች። «ደግመን ዕንቁላል እናገኛለን ብዬ ግን አልዋሽዎትም።»

ሱቅ ስትደርስ ጠይብ ደጃፍ ላይ ቆሞ ጋቢ ይመረምራል። የጠይብ አመል ይሄ ነው፤ ሸማኔ ያመጣለትን ጋቢ ፀሐይ ላይ ዘርግቶ ሳያይ አይቀበልም። የዘለለ ክር ወይ ቋጠሮ ካገኘ፣ ሸማኔው የወንድሙ ልጅ ቢሆን እንኳ አጣጥፎ ያሸክመዋል። ሸማ ተራ ውስጥ ስም ያወጣው በዚህ ነው፤ ሸማኔዎቹ ያወጡለትን ስም ግን እዚህ ባልጽፈው ይሻላል።

«እህስ?» አላት ጋቢውን ሳያወርድ።

«ሦስቱ አይሆኑም። አንዱ ጤነኛ ነው። ተሸካሚ ነው ግን፣ እንደኛ።»

ጋቢውን አወረደው። «ንጹህ የለም በይኛ።»

«ጤነኛ ነው አልኩህ እኮ!»

«ሰምቻለሁ። ይቅር በቃ።»

«እንዴት ይቅር ትላለህ? ያለን እኮ እሱ ብቻ ነው!»

«አንቺ ቀብር አልወጣሽም፣ ጠሂራ» አለ። «ሴቶቹ ቤት ቀራችሁ። ጉድጓድ ውስጥ ገብቼ ልጄን የተቀበልኩት እኔ ነኝ። ያን ቀን፣ ያረቢ ይሄ ነገር በኔ ይብቃ ብያለሁ። ይሄኛውስ አድጎ አግብቶ፣ እሱም እንደኔ ጉድጓድ ይግባ? አላወርሰውም።»

ጠሂራ ሆድ ይፍጀው ብላ ገብታ ነጠላ ማጠፍ ጀመረች።

ከዚያ ወዲያ ስለ ሽሉ ያነሳ የለም። ዶክተሯ ስትደውል ጠሂራ «እየተመካከርን ነው» ትላለች። ምክር ቢኖር ኖሮ ጥሩ ነበር፤ ቤታቸው ውስጥ ከ«እራት ቀርቧል» በስተቀር ቃል አይወጣም። አንድ ቀን ግን ጠይብ የአንድ ሽማግሌ ሸማኔ ጋቢ ፀሐይ ላይ ዘርግቶ «ቋጠሮ አለበት» ሲል፣ ገዢ ፊት መሆኑንም ረሳችና ተነሳች።

«አያታችን በድሪያን እንደዚህ ፀሐይ ላይ የዘረጋት ነበር?» አለችው። «ከእሷ ወይ ከባሏ ካልሆነ ከየት መጣብን? አንዳቸው ተሸካሚ ነበሩ። በድሪያ ስንቱን ወልዳ አሳድጋ፣ ምርኩዝ ሳትይዝ ነው የሞተችው። ያኔ ንጹህ አይደሉም ተብለው ቢመለሱ አንተም የለህ፣ እኔም የለሁ።»

«አብራርም አይሰቃይም ነበር» አለ ጠይብ ቀስ ብሎ።

«አብራርም አይኖርም ነበር! ባይኖር ይሻል ነበር? በል፣ ንገረኝ!»

ገዢዋ ሴትዮ ቦርሳዋን አንስታ ወጣች። ጠይብ ጋቢውን ደረቱ ላይ እንደያዘ ቆመ። የአብራርን ሳቅ አስታውሶ እንደሆነ ጠሂራ ከፊቱ አወቀች፤ ልጁ እጁን ማንሳት ሲያቅተው እንኳ መሳቅ አላቃተውም ነበር።

በሌላው ቀን ጠይብ ከአንዋር መስጊድ የዓስር ሶላት ሰግዶ ተመለሰ። ጫማውን ሳያወልቅ ሱቁ በር ላይ ቆመ።

«የት ነው የምፈርመው?» አላት።

ጠሂራ ይህን ቃል በልቧ ስትለምን ነው የከረመችው። አሁን ሲመጣ ግን የጋቢው ክምር ላይ ተቀመጠች። ደስታ መስሏት ነበር፤ አልነበረም። ዳግመኛ መድኃኒቱ፣ ዳግመኛ መጠበቁ፣ ሽሉ አልያዘም የሚል ስልክ፣ ከያዘም ዘጠኝ ወር ሙሉ ፍርሃት ታያት። ባሏ እምቢ ባለ ጊዜ እየተቆጣች አርፋ እንደነበር ያን ጊዜ ገባት። እሱ ቢያስቀረው ኖሮ ጥፋቱ የሱ፣ እረፍቱ የሷ ይሆን ነበር። ይህን በማሰቧ አፈረችና አለቀሰች።

ጠይብ ደነገጠ። «ምነው? ያልሽውን አይደል እንዴ ያደረግኩት?»

«ደክሞኛል፣ ጠይብ። እምቢ ስትል እፎይ ብዬ ነበር። ወላሂ፣ እፎይ ብዬ ነበር።»

አጠገቧ መጥቶ ቁጢጥ አለ። ከተጋቡ ጀምሮ ደከመኝ ስትል ሰምቷት አያውቅም።

«እንግዲያው ይቅር» አላት። «እኔ ነኝ ያስቀረሁት በይ። ለሰውም እንደዚያ በይ።»

በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን ጠረገች። እረፍቱን ሳትለምነው በእጇ ሰጣት።

«አይቅር» አለች። «ደክሞኛል ነው ያልኩህ፤ አልፈልግም አላልኩህም።»

«እንሂዳ፣ ክሊኒኩ ሳይዘጋ።»

«ቆይ» አለችው። «መጀመሪያ ትንሽ ልቀመጥ።»