የተዋናይዋ ጋርባሳር

አንድ ሰው በሠራው ላይ ሌላው ደርቦ ሲሠራበት ሥራው የማን ነው? ቀለምወርቅ ይህን ጥያቄ ውጭ አገር ፈተና ላይ በሁለት መስመር መልሳ ሙሉ ማርክ አግኝታበታለች። ጅጅጋ ላይ ግን ያ መልስ አልሠራላትም።

ስምንት ዓመት የአሮጌ ወረቀት ጥገና ተምራ በ2013 ዓ.ም. ተመለሰች። መምህር አባቷ ተመድቦ የኖረባት፣ እሷም የተወለደችባት ከተማ ናት፤ ሆኖም በስድስት ወር ውስጥ ሦስት ጊዜ ሻንጣዋን ሸክፋ ሦስት ጊዜ ፈትታለች። እዚህ ማን ወረቀት ያስጠግናል?

እንዲህ ስታመነታ ነው ጨርቅ ነጋዴዋ ደሃቦ አንድ ጥቅል በብብታቸው ይዘው የመጡት። እንደ ሰፈሩ ልጅ ሁሉ «ኤዶ»፣ አክስቴ፣ ትላቸዋለች።

«አባዬ ሲኒማ ቤት ነበረው። አዳራሹ ዛሬ የሲሚንቶ መጋዘን ሆኗል። ከዚያ ሁሉ የተረፈኝ ይሄ ብቻ ነው፤ ሳጥን ውስጥ ተነጥፎ አገኘሁት። ከእጅሽ ካመለጠ ሌላ የለኝም።»

የህንድ ፊልም ፖስተር ነው። አራት ቦታ ተሰንጥቋል፣ ዳሩን አይጥ ቀምሶታል። መሃሉ ላይ ዓይነ ትልልቅ ተዋናይ ቆማለች፤ ትከሻዋ ላይ ቀይና ብርቱካናማ ጋርባሳር፣ የሶማሌ ሴቶች የሚደርቡት ስስ መጎናጸፊያ፣ በእጅ ተስሏል።

የተማረችው ግልጽ ነበር፤ በኋላ የተቀባ ይነሳል፣ የታተመው ይወጣል። ስንጥቁን በስስ ወረቀትና በስንዴ ሙጫ ደገፈች። በሦስተኛው ቀን ጥጥ በውሃ ነክራ ከትከሻው ጫፍ ጀመረች። ቀለሙ በግራር ሙጫ የተበጠበጠ ኖሮ እንደ ስኳር ሟሟ። አውራ ጣት የሚያህል ባዶ ትከሻ ብቅ አለ።

ይሄኔ ደሃቦ ሻይ በፔርሙዝ ይዘው ገቡ።

«ምን እያረግሽ ነው?»

«ከላይ የተቀባውን እያነሳሁ ነው፣ ኤዶ። ትክክለኛዋ ከሥር ናት።»

«ከሥር ያለችውንማ ህንዶቹ በሺህ አትመዋታል። ይቺን ግን ኢሴ ነው የሠራት።»

ተቀምጠው ነገሯት። የሰፈሩ ሽማግሌዎች «ትከሻዋን ሳትሸፍን በራችን ላይ አትቆምም» ብለው አባታቸውን ያዙ። አባታቸውም በአማርኛና በሶማሊኛ የሱቅ ስም የሚጽፈውን ኢሴን ጠሩ። ኢሴ ፊልም በመጣ ቁጥር ተዋናይዋን አዲስ ጋርባሳር ያለብሳት ጀመር፤ አንዱን ንድፍ ሁለቴ አይደግምም።

«ሴቱ ፊልሙን ትቶ ፖስተሩን እያየ ይመለስ ጀመር» አሉ እየሳቁ። «የድንበሯን ከተማ የጫሌን ነጋዴዎች ‹ያቺ የለበሰችውን አምጡ› እያልን አሳበድናቸው። ከየት ያምጡት? ፋብሪካው የኢሴ ጭንቅላት! አባዬ ‹እኔ ሲኒማ ከፈትኩ፣ ይሄ ሰውዬ ቡቲክ አደረገው› ይል ነበር። እኔ ጨርቅ ነጋዴ የሆንኩት በምን ይመስልሻል?» ከዚያ ሳቃቸው ቆመ። «አንቺ ደግሞ ልትገፍፊያት መጣሽ።»

ቀለምወርቅ አጉሊ መነጽሯን ስባ አጎነበሰች። ክሩ አንድ በአንድ ተስሏል። ድርና ማጉ ተለይቶ፣ አንዱ ባንዱ ላይ ሲያልፍ የሚጥለው ጥላ ሳይቀር አለ። ጨርቁ በሚታጠፍበት ክሩ ተጠጋግቷል፣ ትከሻው በሚሰፋበት ተራርቋል፤ ከሥር የታተመው የትከሻ አጥንት ጨርቁን ከፍ አድርጎታል። በዞረችባቸው ሙዚየሞች ሁሉ እንዲህ ያለ ትዕግሥት አላየችም፤ ያውም በሳምንቱ ለሚቀደድ ወረቀት። ቀና ብላ ጥጡን አስቀመጠች።

«መልሼ እስለዋለሁ ብል ዋሸሁ» አለች። «እጄ ይህን አይችልም።»

«ያ ሁሉ ዓመት ተምረሽ?»

«እዚያም ይህን የሚያስተምር የለም።»

ደሃቦ ሻዩን ቀዱ። «እንግዲያው ባለቤቱን ጠይቂያ። ጫሌ ልጁ ዘንድ ነው ሲሉ ሰምቻለሁ፤ በሕይወት ካለ ሰማንያን አልፏል። ድሮ የሰጠኝ ስልክ ይኸው።»

ደወለች፤ አይነሳም። የተረፈውንና የጠፋውን አንድ ላይ ፎቶ አንስታ ከሥሩ ጻፈች፦

«ጋሼ ኢሴ፣ ቀለምወርቅ እባላለሁ፣ የመምህር ይሁን ልጅ። የጋርባሳሩን ጫፍ ያጠፋሁት እኔ ነኝ። የቀረውን አልነካም፤ የጠፋውንም ከእርስዎ በቀር ማንም አይሞላውም። መምጣት ካልቻሉ ፖስተሩን ይዤ ጫሌ ድረስ እመጣለሁ። ክሩን እንዴት እንደሚጎትቱት ያሳዩኝ፣ እቀመጥና እማራለሁ።»

ላከችው። መልስ አልመጣም፤ በነጋታው ፖስተሩን ጠቅልላ ሻንጣዋን ለአራተኛ ጊዜ ሸከፈች፣ የአሁኑን ግን ለጫሌ።