የአማቱ በርሜል

ባሌ የቀንድ አውጣ ዶክተር ነው። ሰው ሲጠይቀኝ «የውሃ ተመራማሪ ነው» እላለሁ፤ ቀንድ አውጣ ካልኩ ጨዋታው እዚያው ያበቃል። ከቀንድ አውጣም ሁሉ የእሱ አንዲት ምስር የምታክል፣ ጀርባዋ ላይ ቡናማ መስመር ያላት፣ ከእኛ ከተማ ወንዝ በቀር የትም የማትገኝ ናት። ፎቶዋ ሳሎናችን ውስጥ ተሰቅሏል። የሠርጋችን ፎቶ ያለው ኮሪደር ላይ ነው። መጀመሪያ ላይ ተናድጄ ነበር፤ አሁን ለምጃታለሁ።

ወንዙ ዳር ፋብሪካ ተከፈተ፣ ውሃው ጠቆረ፣ ቀንድ አውጣዋም ጠፋች። ባሌ ግን አላምንም አለ። ዓመት ከዓመት መረቡን ተሸክሞ ወንዝ ለወንዝ ሲዳክር ኖረ። ልጆቻችን አባታቸውን የሚያውቁት በጭቃ ጫማው ነው ብል አላጋነንኩም። በመጨረሻ እጁን ሰጠና «ከምድረ ገጽ ጠፍታለች» የሚል ጥናት አሳተመ። ጥናቱን ያላነበበ የሙያው ሰው የለም። የሚያስተምርበት ዩኒቨርሲቲ ዲንም በዚሁ ጥናት ፕሮፌሰርነቱን ሊያጸድቅለት ሽር ጉድ ማለት ጀመረ። ጥናቱ የታተመ ዕለት ባሌ ራቱን ሳይበላ ተኛ።

«ሰው የሞተብህ አስመሰልከው» ብዬ ቀለድኩበት።

«ሞታብኛለች» አለኝ።

ከዚያ ወዲያ በዚህ ነገር ቀልጄበት አላውቅም።

እናቴ የምትኖረው ከከተማ መውጫ ላይ፣ ወደ ወንዙ በሚወስደው መንገድ ዳር ነው። በረንዳዋ ጥግ የዝናብ ውሃ የሚጠራቀምበት በርሜል አላት፤ አትክልቷን የምታጠጣው በእሱ ነው። ባሌ ደግሞ ከወንዝ ሲመለስ መረቡን ሳይደርቅ ማጠብ አለበት፤ ጭቃው ከደረቀበት ቀዳዳው ይደፈናል። ስለዚህ ሁልጊዜ እናቴ ግቢ ጎራ ብሎ በርሜሉ ውስጥ ያለቀልቀዋል። እሷ ውሃው ሲደፈርስ እያየች ዝም ትላለች፤ አማቿ ነዋ። እሱም አማቱን እያፈረ አንገቱን ደፍቶ ይወጣል። በትዳራችን ዘመን ሁሉ ሁለቱ ከ«እንደምን ዋልክ» እና ከ«እግዚአብሔር ይመስገን» አላለፉም።

ባለፈው እሑድ እናቴን ልጠይቅ ሄጄ፣ አትክልቱን ላጠጣ ከበርሜሉ ስቀዳ፣ የሳሎናችን እመቤት ጣሳዬ ውስጥ ስትንቀሳቀስ አየኋት። ጎንበስ ብዬ ውስጡን ሳይ፣ አረንጓዴው ልጋግ ላይ ቤተሰቡ በሙሉ ሰፍሯል። ፎቶ አንስቼ ላክሁለት።

ወዲያው ደወለ። መጀመሪያ የሰማሁት ትንፋሹን ነው። ቀጥሎ ሳቀ፤ እንዲህ ሲስቅ ሰምቼው አላውቅም።

«ተሳስቻለሁ» አለ። «አንቺ፣ ተሳስቻለሁ እኮ። ለካ መረቤ ነው ያሻገራቸው።»

«ፕሮፌሰርነቱስ?»

«ገደል ይግባ።»

«በብርጭቆ ይዤልህ ልምጣ?»

«እንዳትነኪያቸው። የጣሳዋንም መልሻት። የሚኖሩበትን ውሃ በቦታው ሳልለካ አንዲቷም አትነሳም፤ ሥራው እንዲህ ነው። ነገ ጠዋት እመጣለሁ።»

እንደታዘዝኩት መለስኳት። ለእናቴ ልንገራት ወይ ስለው «ተዪ፣ እኔው ራሴ በአክብሮት ደውዬ አስፈቅዳለሁ» አለ። መቼም ጨዋ ነው። ለዲኑም ደውሎ «ጥናቴ ስህተት ነው፣ የሹመቱን ነገር ተወው» አለው። ዲኑ «በሕይወት ያለች ይዘህ ና፣ ያኔ እንነጋገራለን» ብሎ ዘጋበት።

በማግስቱ አብረን ሄድን። መለኪያውን፣ ማጉያውንና ጠርሙሶቹን ተሸክሟል። ለሠርጋችን አላስርም ያለውን ክራቫት አስሯል። እናቴ ነጠላዋን እያስተካከለች በር ላይ ጠበቀችን።

«ትናንት ደውለህ የበርሜሉን ውስጥ ልየው ስትለኝ እኮ እፍረት ሊገድለኝ» አለችው። «ያንን ሁሉ ልጋግ ለአማቼ ላሳይ? ደፋሁትና በሽቦ ፈገፈግሁት፣ በበረኪና አጠብኩት። እየው እስቲ፣ ምግብ ይቀርብበታል።»

«ውሃውን የት ደፉት፣ እማማ?» አላት ቀስ ብሎ።

«ቱቦው ውስጥ ነዋ። እንዳይሸት ብዬ የተረፈውን በረኪና ከላይ ለቀቅሁበት።»

እናቴ ላይ ልጮህ አፌን ስከፍት ባሌ ክንዴን ያዘኝ። በርሜሉ ላይ አጎንብሶ ውስጡን ዙሪያውን በማጉያው ፈተሸ። ከዚያ ቀና ብሎ «እጅዎ ይባረክ» አላት። «በጣም ንጹሕ ነው።»

እናቴ ደስ ብሏት ሻይ ልታፈላ ገባች። እሱ እዚያው በረንዳ ላይ እንደቆመ፣ እንባው አገጩ ላይ እየወረደ፣ ለዲኑ ደወለ።

«ይቅርታ፣ ትናንት ተቻኩዬ ነው» አለው። «ጥናቱ ትክክል ነው።»

ዲኑ «እንኳን ደስ ያለህ፣ ፕሮፌሰር» ሲለው እኔ ድረስ ተሰማኝ።