ቀንዳሟ በግ

እዚህ ሰው አገር እንቁጣጣሽ የሥራ ቀን ነው። ማንተግቦሽ ዲር ፓርክ ሰፈር ካለው መጋዘን የሥራ ሺፍቷን ጨርሳ፣ በዓሉን ከበጎቿ ጋር ልታሳልፍ ከታርኔት ሰፈር ወዲያ ወዳለው ድንጋያማ መስክ ስትደርስ በሩ ወለል ብሎ ተከፍቷል። ሁለቱ አሮጊት በጎች አጥሩ ጥግ ተለጥፈው ቆመዋል። ሦስተኛዋ የለችም። እርጉዟ።

መስኩን እሷና ባሏ አዲሱ ከአንድ ሽማግሌ ገበሬ ሲከራዩት በጎቹ አብረው መጡ። ፊታቸው ጥቁር፣ ጸጉራቸው ግራጫና የተንጨፈረረ፣ ወንዱም ሴቷም ቀንድ ያላቸው፣ ከባሕር ማዶ ቁጥቋጦ እንጂ ደህና ሣር ከማይበቅልበት ሜዳ የመጡ ያረጀ ዘር ናቸው። ሌላ በግ አሽትቶ የሚተወውን እሾህ ቆርጥመው ያድራሉ። አውራው በግ ክረምቱ ሲገባ ሞተ። አሮጊቶቹ መውለድ ካቆሙ ቆዩ። ከዘሩ የቀረው ነገር ቢኖር በአንዷ ሆድ ውስጥ ያለው ብቻ ነበር፤ ማንተግቦሽም ይህንኑ ለሰማውም ላልሰማውም ስትናገር ነው የከረመችው።

አዲሱ ጋ ደወለች። ድምፁ እንደታመመ ሰው ነበር። ወንድሙ ወንድማገኘሁ ለበዓሉ በግ ፈልጎ ቁልፉን ሲጠይቀው እንደሰጠው፣ ካረጁት አንዱን ውሰድ እንዳለው፣ እሱም አሁን ዌሪቢ ወንድሙ ቤት እንዳለ ነገራት። የትኛዋን እንደወሰደ ስትጠይቀው «ሰው ተሰብስቧል» አላት። ስልኩን ጆሮው ላይ ዘጋችበት።

ዌሪቢ እንዴት እንደደረሰች እሷም አታውቅም። ጓሮ ስትገባ በጓ አራት እግሯን ታስራ ሸራ ላይ ተጋድማለች። ወንድማገኘሁ እጅጌውን ሰብስቦ እንግዶቹን ያስቃል። ጀርባውን ዳብሼ ነው የመረጥኩት፣ ሆዱን እዩት እንዴት እንደጠገበ፣ ላቱን ግን መንግሥት ታክስ ቆርጦበታል ይላል። ለበዓሉ የተጠሩት ሽማግሌ ጋሼ ወልዴ ቢላዋውን ይዘው ሊባርኩ ተነስተዋል። አዲሱ አጥሩ ሥር ቆሞ ጫማውን ያያል።

አንዱ እንኳን አደረሰሽ ሲላት አልፋው ሄደች። በጓ አጠገብ ተንበርክካ የጋሼ ወልዴን እጅ ያዘችና በበጓ ሆድ ላይ አሳረፈችው።

«ይዳብሱ፣ ጋሼ።»

ሽማግሌው ግራ እየገባቸው ዳበሱ። ከዚያ እጃቸው ቀጥ አለ። ከውስጥ የሆነ ነገር መታቸው። ቢላዋውን ቀስ ብለው ወንበር ላይ አኖሩና አማተቡ።

«በስመ አብ። ሴት ናት እንዴ?»

የወንድማገኘሁ ሳቅ ፊቱ ላይ ደረቀ። «ይሄን የሚያህል ቀንድ አይቼ ወንድ ነው ብዬ ነዋ፣ እትዬ። ሰዉን ጠርቻለሁ፤ አሁን ምን ላብላው?»

«ዶሮ ግዛ። ሁለተኛ በግ ስትመርጥ ደግሞ ቀንዱን አይተህ አትቁም፤ ወደ ታችም እይ።»

ሰው ሳቀ። እሷ አልሳቀችም። ገመዱን መፍታት ጀምራለች። ወንድማገኘሁስ አላወቀም፤ ላላወቀ ሰው ይነገረዋል፣ አለቀ። ያስቆጣት ሌላ ነው። የመጨረሻውን ቋጠሮ ስትፈታ ወደ አጥሩ ዞረች።

«አንተስ? ከመኪና ሲያወርዷት አላየሃትም?»

«አይቻለሁ» አለ አዲሱ።

«እሷ መሆኗን አላወቅህም?»

«ሰው ተሰብስቦ ነበር፣ ማንቴ። ወንድሜን በሰው ፊት ምን ልበለው?»

«እርጉዝ ናት በለው። ሁለት ቃል። ሁለት ቃል አፍህ ውስጥ ይዘህ ልታሳርዳት ነበር?»

ጋሼ ወልዴ መሀል ገቡ። ዓውደ ዓመት መሆኑን፣ አዲሱ ክፉ ሰው እንዳልሆነ፣ ይሉኝታ ይዞት እንጂ ሌላ ሐሳብ እንዳልነበረው ተናገሩ። እዚሁ ይቅር ተባባሉ አሉ።

«ይሉኝታው ለእናንተ ነው፣ ጋሼ» አለቻቸው። «ቢላዋው ግን ለእሷ ነበር።»

በጓን አዲሱ ራሱ ተሸክሞ መኪና ውስጥ አስገባት፤ እስከ መስኩ ድረስም ከኋላ ወንበር ጭንቅላቷን አቅፎ ሄደ። ማንተግቦሽ በመስታወት እንኳ አላየችውም። ሲደርሱ መዳፏን ዘረጋችና ከወንድሙ የመለሰውን የመስኩን ቁልፍ ተቀበለችው። በማግስቱ ከነጓጉንቸሩ ቀየረችው።

በሳምንቱ፣ ዝናብ ሲጥል፣ በጓ ወለደች። ጥቁር ፊት ያለው ወንድ። አዲሱ ወሬውን ሰምቶ ገለባ ተሸክሞ እየሮጠ መጣ፤ በሩ ተቆልፏል።

«ማንቴ፣ ክፈቺልኝ። ልየው።»

ማንተግቦሽ ቁጢጥ ብላ ግልገሉን በጆንያ ታደርቃለች። ዝናቡ የአዲሱ አንገት ውስጥ ሲገባ አየች። ከዚያ ተነሳችና ግልገሉን በአጥሩ ላይ ከፍ አድርጋ አሳየችው። እጁን ሲዘረጋ ወደ ኋላ ሳበችው፣ እናቱ ጡት ሥር መለሰችው፣ ጆንያውን አንስታ እንደገና ማድረቋን ቀጠለች።

በሩን አልከፈተችም።